«ተረጋግታለች፤ ሕመም የለም» ብዬ ስለፈረምኩባት ልጅ

ለክቡር የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና መምሪያ ዋና ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ያልተቆራረጠ እንቅልፍ እመኛለሁ። አያድርገውና ጥርስዎን እንኳ ቢያምዎት፣ ሳያደነዝዝ የሚነቅል፣ ነቅሎም ሲያበቃ «ጎበዝ፣ አለቀ» ብሎ ጉንጭዎን የሚቆነጥጥ ባለሙያ እንዳይገጥምዎት ከልቤ እጸልያለሁ።

እኔ በልጆች የቀዶ ሕክምናና የቃጠሎ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። ስሜ ለጉዳዩ አይጠቅምም፤ የክፍሉ ልጆች ግን ፋሻ ስፈታ «ቶሎ ነው፣ ቶሎ ነው» ስለምል «እትዬ ቶሎ» ይሉኛል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ነርሶች የልጆችን ሕመም እንዴት ማወቅና ማስታገስ እንዳለብን እንድንሠለጥን የሚጠይቁ አራት ደብዳቤዎች ለመምሪያዎ ጽፌአለሁ። ለመጀመሪያው «ጥያቄው በዕቅድ ተይዟል» የሚል፣ ለሁለተኛው «ዕቅዱ በጥናት ላይ ነው» የሚል፣ ለሦስተኛው «ጥናቱ በዕቅድ ተይዟል» የሚል ምላሽ በፊርማና በማኅተም ደርሶኛል። ለአራተኛው ምንም አልደረሰኝም። ክቡርነትዎ ይህን ያህል ከደከሙልን እኔም አምስተኛውን በአደባባይ ብጽፍ ነውር አይሆንም ብዬ፣ ቅሬታዬንና ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለተሰጠን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት መምሪያዎ የልጆች ሕመም አያያዝ ሥልጠና ለጠየቅን ስድስት ነርሶች «የተገልጋይ እርካታና የፈገግታ ጥበብ» የተባለ የሁለት ቀን ሥልጠና በመስጠቱ፣ ጥያቄያችን ምን ያህል በጥልቀት እንደተነበበ ተረድተናል። አሠልጣኙ ክራቫት ያሠረ ትሑት ሰው ነበር፤ ከጎናችን ወደተቀመጠው ሰው ዞረን ስምንት ጥርስ እስኪታይ ፈገግ እንድንል አለማመደን። እኔም እጄን አውጥቼ፣ ከተቃጠለ ደረት ላይ የደረቀ ፋሻ ሲላቀቅና ልጁ ሲጮህ ፈገግታው በስንተኛው ደቂቃ ቢጀመር እንደሚመረጥ ብጠይቀው፣ ጥያቄው ግሩም መሆኑን ገልጾ በሻይ ሰዓት እንድንወያይበት ቀጠረኝ። በሻይ ሰዓት ሻይ ጠጣን። የተሰጠን የምስክር ወረቀት ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ የልብስ መቀየሪያ ክፍላችንን የተሰበረ መስኮት ሸፍነንበታል፤ ነፋስ አያስገባም፣ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ ከትምህርት ቤት ይዤው ስለወጣሁት ዕውቀት ነው። በነርስነት ሦስት ዓመት ስማር ስለ ልጆች ሕመም የተነገረኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መምህራችን የነገረችን ሦስት ነገር ነው፦ የሕፃን ነርቭ ስላልበሰለ እንደ ትልቅ ሰው አያመውም፤ ልቅሶ ሳንባ ያሰፋል፤ ልጅ ካላለቀሰ አላመመውም። ሦስቱንም ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩባቸው፣ በፈተና ጽፌአቸው ሙሉ ነጥብ አገኘሁ፣ ከዚያም በተራዬ ለልምምድ ለመጡ አሥራ አንድ ዙር ተማሪዎች አስተማርኳቸው። መጠራጠር የጀመርኩት ደብዳቤዎቹን ስጽፍ ቢሆንም፣ ሐሰት መሆናቸውን በእርግጥ ያወቅኩት በአሥራ ስምንተኛው የሥራ ዓመቴ ነው፤ ያሳወቀኝም መምሪያዎ አይደለም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በክቡርነትዎ ላይ ብቻ የቀረበ ክስ እንዳይመስልዎ። ከተከሳሾቹ አንዷ ጸሐፊዋ ናት።

ሦስተኛ፣ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ነው፤ ይህን ረዘም አድርጌ ስለምጽፍ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ልጅቱ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ የብረት በር የሚበይድ ሰው ነው፤ በቤቱ ውስጥ አዛዧ እሷ ስለሆነች «እሜቴ» ይላታል፤ እኛም በካርዷ ላይ ካለው ስም ይልቅ ይኸኛውን ለመድነው። እናቷ የታጠበ ልብስ ከገመድ ለመሰብሰብ ወደ ግቢ ወጣ ባለችበት፣ እሜቴ ምድጃ ላይ ይፈላ የነበረውን ድስት በጆሮው ሳበችው። የፈላው ውኃ አንገቷን፣ ደረቷንና ቀኝ ክንዷን ያዘ።

ፋሻዋ በየሁለት ቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይቀየር ነበር። የፋሻ ክፍላችንን ረግጠውት ስለማያውቁ ላስጎብኝዎት። ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል በጣውላ ግድግዳ የተለየ፣ መስኮቱ እስከ ግማሽ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ የቆመበት ክፍል ነው። ጣውላው ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። በመሆኑም የፋሻው ጋሪ ኮሪደሩ ላይ መንኳኳት ሲጀምር መራመድ የሚችሉት ልጆች አልጋ ሥር ይገባሉ፤ የማይችሉት አንሶላቸውን ይከናነባሉ። እኔ ይህን ለብዙ ዓመታት ድብብቆሽ የሚጫወቱ መስሎኝ ነበር።

አሠራራችን ይህን ይመስላል፦ አራት ሰው ይይዛል፤ አንዱ ራስ፣ አንዱ ደህነኛውን እጅ፣ ሁለቱ እግር። እኔ እፈታለሁ። ከቁስሉ ጋር የተጣበቀውን በአንድ ትንፋሽ አላቅቀዋለሁ፤ ቶሎ ያለቀ ቶሎ ይረሳል ስለሚባል። አንዱን ልጅ በአሥራ ሁለት ደቂቃ እጨርስ ነበር። በክፍሉ ከእኔ የሚፈጥን አልነበረም፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እሜቴ ጮኸች፤ ወንበዴዎች መሆናችንንና ለአባቷ እንደምትነግርብን ገለጸችልን። በሁለተኛው ተደራደረች፤ ዛሬን ብንተዋት ነገ ማንም ሳይጠራት መጥታ እንደምትተኛ ማለችልን። በሦስተኛው ይቅርታ ጠየቀች። «ሁለተኛ ድስት አልነካም፤ እውነቴን ነው፣ ሁለተኛ አልነካም» ትል ነበር። የምናደርግባት ነገር ሁሉ ስለ ድስቱ የሚደርስባት ቅጣት መስሏታል ማለት ነው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ጓንቴን አውልቄ «አይዞሽ» ብያት ወጥቻለሁ።

በአራተኛው ዝም አለች። ራሷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ተኛች፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንፍሽ አላለችም። እኔም ካርዷ ላይ «ተረጋግታለች፤ ሕመም የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዋናው ሐኪም ለጉብኝት ሲመጣ ካርዱን አንብቦ «እንዲህ ነው የሚፈለገው» አለ፤ በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው አባቷም «የኔ ጀግና» ብሎ ግንባሯን ሳማት። ሁላችንም ደስ አለን። እሷ ስለ መደሰቷ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አራተኛ፣ ስለ መድኃኒት። ለልጅቷ ማስታገሻ አልተሰጣትም ተብሎ ስማችን እንዳይጠፋ ልናገር፤ ተሰጥቷታል። የመድኃኒት መስጫ ሰዓታችን ቀን ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ አራት ሰዓት ላይ ለሚደርስባት ሕመም ስድስት ሰዓት ላይ ሽሮፗን ትጠጣ ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጃንጥላ እንደመዘርጋት ነው፤ ዘረጋን ተብሎ ግን ይፈረምበታል። ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ስጧት ያለን ሰው አልነበረም፤ እኛም ለምን ብለን አልጠየቅንም።

ጠንከር ያለውን መድኃኒት፣ ሞርፊኑን፣ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አዝዞላት ነበር። እኔ ግን ትንፋሽ ያቆማል፣ ሱስ ያስይዛል ሲባል ብቻ ነበር የሰማሁት፤ ለስንት ኪሎ ልጅ ስንት እንደሚለካ፣ ከተሰጠ በኋላም ምን ምን እንደሚጠበቅ እጄን ይዞ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የፈራሁትን ነገር በዕውቀት አስመስዬ አባቷን ጠራሁትና «ይህ እኮ ለሚሞት ሰው ነው የሚሰጠው» አልኩት። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ «እንግዲያው ይቅርባት» አለ። ካርዱ ላይ «ቤተሰብ አልፈቀደም» ብዬ ጻፍኩ። ከጠርሙሶቹ አብዛኞቹ ሳይከፈቱ ጊዜያቸው አለፈ፤ የመምሪያዎ ተቆጣጣሪዎችም ቁም ሳጥኑን አስከፍተው ካዩ በኋላ፣ አንድ ጠብታ ያልባከነበት ክፍል በማለት በጽሑፍ አመስግነውናል።

አምስተኛ፣ መምሪያዎ ስለወሰደው ፈጣን እርምጃ ነው። ፈጣን ያልኩት ለስላቅ አይደለም፤ በእርግጥም ፈጣን ነበር።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ከወጣች ሰባት ወር የሆናት ነርስ ተመደበችልን። እኛ «አዲሷ» እንላታለን። አዲስ ሰው ሁልጊዜ ራስ እንዲይዝ ስለሚደረግ፣ እኛ የማናየውን የእሜቴን ፊት በቅርብ ያየችው እሷ ነበረች። እሜቴ ዝም ባለችበት ቀን ሥራው ሲያልቅ ወደ ጎን ወሰደችኝና «እትዬ፣ ከንፈሯን ከውስጥ ነክሳ አድምታዋለች። የልቧን ምት ቆጥሬው ነበር፤ በደቂቃ መቶ ስድሳ ስምንት ነው፤ ለተኛች ልጅ እጅግ ብዙ ነው። ይህች ልጅ ተስፋ ቆርጣ ነው እንጂ አልተረጋጋችም» አለችኝ። እኔም እንደ ታላቅ እህት ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ፣ «ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

አልለመደችውም። በማግሥቱ በአንድ ወረቀት ላይ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው ስድስት ፊቶች በእስክሪብቶ ሥላ ወደ እሜቴ አልጋ ሄደች፤ ፋሻ ክፍል ውስጥ የሚሰማትን የሚመስለውን ፊት በጣቷ እንድታሳያት ጠየቀቻት። እሜቴ ስድስቱንም አንድ በአንድ አየች፤ እንደ ትልቅ ሰው ጥቂት አሰበች፤ ከዚያም «የትኛውን ባሳይሽ ነው የማትይዙኝ?» አለቻት።

ክቡርነትዎ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሰማኋቸው የሙያ ጥያቄዎች እንዲህ የከበደኝ የለም። እኔ በሚቀጥለው አልጋ ላይ የሌላ ልጅ ሙቀት እየለካሁ ነበር፤ መለኪያውን ሦስት ጊዜ አንብቤው ቁጥሩ አልያዝ አለኝ።

በሚቀጥለው የፋሻ ቀን አዲሷ ልጅቷን መዘነቻት፣ መጠኑን አሰላች፣ ሐኪሙ እንዲያረጋግጥና እንዲፈርም አደረገች፣ ለአባቷ አስረድታ አስፈቀደች፣ መድኃኒቱንም ግማሽ ሰዓት አስቀድማ ሰጠቻት። ፋሻውን ለብ ባለ የጨው ውኃ አርሳ እስኪለቅ ጠበቀች። ወላጅ ይደነግጣል እየተባለ በር ላይ የሚቀመጠውን አባት አስገብታ ከራስጌዋ አስቀመጠችው፤ እሱም የአንድ ደንበኛውን በር ምን ዓይነት ቀለም ቢቀባው እንደሚሻል ያማክራት ጀመር። እሜቴ አረንጓዴ እንዲሆን አዘዘች፤ ቀጥሎም እጀታው ቢጫ። ማንም አልያዛትም። ሁለት ጊዜ «ቆዪ» አለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አዲሷ እጇን አንሥታ ቆየችላት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀ።

መምሪያዎ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያየው አርባ ደቂቃዋን ነው። የአራት ልጆች ፋሻ ወደ ከሰዓት በመሸጋገሩ ሪፖርት ተላከ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔን ደብዳቤዎች ለማንበብ ፋታ ያጡት ክቡርነትዎ ይህኛውን በስምንተኛው ቀን አንብበው፣ አዲሷ «ባልሠለጠነችበት ተግባር በመሰማራት የሥራ ሂደት ማስተጓጎሏን» የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ልከውላታል። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሥልጠናውን የሚከለክለውም ያልሠለጠነውን የሚቀጣውም አንድ ማኅተም መሆኑ፣ በመምሪያዎ ምን ያህል የሥራ ቅንጅት እንዳለ ያስረዳል። አዲሷ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች፤ ዛሬ የጠፉ ካርዶች ትፈልጋለች። እሷ ባልሠለጠነችበት አንድ ቀን ሠርታ ተቀጣች፤ እኔ ባልሠለጠንኩበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ በዓመቱ መጨረሻ «ምስጉን ሠራተኛ» ተባልኩ።

ማስጠንቀቂያው ሲነበብ እኔ በክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። አፌን ብከፍት ኖሮ ነገሩ ይለወጥ እንደሆነ አላውቅም፤ አልከፈትኩትም። ጡረታዬ ስድስት ዓመት ቀርቶታል፤ ሰው ለሆዱ ያድራል።

ስድስተኛ፣ እሜቴ ከዚያ በኋላ የሆነችው ነው። አዲሷ እንደሄደች ወደ አሥራ ሁለት ደቂቃችን ተመለስን። ልጅቷም ወደ ጣሪያዋ ተመለሰች። ቁስሏ ሲደርቅ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ነገር ግን ጠባሳው ክርኗን እየሳበው ስለነበር በአራተኛው ወር ለቀዶ ሕክምና ተቀጠረች። አባቷ ሁለት ጊዜ ይዟት መጣ። በመጀመሪያው የግቢው በር ላይ የመድኃኒቱ ሽታ እንደደረሳት አስመለሳት፤ በሁለተኛው ከአውቶቡሱ አልወርድም ብላ የወንበሩን ብረት ስለያዘች ጣቶቿን ማላቀቅ አቃተው። በሦስተኛው ብቻውን መጣ።

የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። «እኅቴ፣ ምክር ልጠይቅሽ ብዬ ነው የመጣሁት። አስሬ ላምጣት?» አለኝ። ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ የቤታቸውን ነገር ያጫውተኝ ጀመር። እናቷ ክንዷን ቅባት ልትቀባት ስትጠራት ማንም ሳያዛት ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ትተኛለች፤ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ተክላ፣ ቀብታት እስክትጨርስ ድረስ አንድ ቃል አትናገርም። «ድሮ እኮ ለጠጉር ማበጠሪያ እንኳ ሰፈሩን ታነሣው ነበር። አሁን ዝም ትላለች። ዝም ስትል እናቷ ወጥታ ታለቅሳለች» አለኝ።

አስረህ አምጣት እንዳልለው፣ አስረን የያዝናት እኛ ነን። ተዋት እንዳልለው፣ ክንዷ እንደታጠፈ ይቀራል። እኔም «ላስብበት» አልኩት፤ እንዲህ ያለውን መልስ ከመምሪያዎ ነው የተማርኩት። እሱም አመስግኖኝ ሄደ። ቀዶ ሕክምናውንም ተወው። ዛሬ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ ቀኝ ክንዷ ደረቷ ላይ እንደታጠፈ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብታ በግራ እጇ ትጽፋለች። ቀዶ ሐኪሙ ጊዜው ባለፈ ቁጥር ማቃናቱ እየከበደ እንደሚሄድ ነግሮኛል።

ሰባተኛ ብዬ የምቀጥለው ቅሬታ የለኝም፤ ያለኝ ልመና ነው። የምንጠይቀው አራት ቀን ነው። አዳራሽ አንፈልግም፣ ሻይም ይቅርብን፤ የፋሻ ክፍሉ ይበቃናል። የማይናገር ሕፃን ሲያመው በምን እንደሚታወቅ፣ የሚናገረው ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ለስንት ኪሎ፣ ከተሰጠም በኋላ ምን እየተጠበቀ እንደሚሰጥ፣ ወላጅ የት ቢቀመጥ እንደሚረዳ የሚያሳየን ሰው ይላክልን። ሰው ከሩቅ ማምጣት የሚያስቸግር ከሆነም አሠልጣኟ ሩቅ አይደለችም፤ ካርድ ክፍል፣ ሁለተኛው መስኮት ላይ ትገኛለች።

እውነቱን ለመናገር ክቡርነትዎን አልጠበቅንም። ሁለት ወር ሆነን፣ በምሳ ሰዓት ሰባት ነርሶች አንሶላ ማከማቻው ውስጥ እንገናኛለን፤ አዲሷ መጥታ ታስተምረናለች፣ እኔም በዕድሜ እጥፏ የሆንኩት ሴትዮ ማስታወሻ እይዛለሁ። መመሪያ እንዳንጥስ ይህን ሥልጠና አንለውም፤ ወሬ ነው የምንለው። ትናንት የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ፋሻ ስቀይር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ልጅቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናቴን ስትሰድብ ቆየች። ካርዷ ላይ «አሟታል፤ ተናግራለች» ብዬ ጻፍኩ።

በመጨረሻም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ላላነበቡልን ለክቡርነትዎ ያለኝን የጠለቀ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ሕመምም ወደ ደጅዎ በመጣ ጊዜ ለሚያክምዎት ሰው ሥልጠናው አስቀድሞ ደርሶት እንዲቆይ እየተመኘሁ፣ ራስ፣ እጅና እግር ይዘው በኖሩ ባልደረቦቼ ስምና በራሴ ስም እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ያልሠለጠነች፣ ምስጉን አገልጋይዎ፣
የልጆች የቀዶ ሕክምናና የቃጠሎ ክፍል ነርስ

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል፣ ሁለተኛው መስኮት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማስገባቴ በፊት ለመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ አሳይቻት ነበር። አራቱን የቀድሞ ደብዳቤዎቼን የተቀበለችኝ ቅን ሴት ናት። ቆማ ካነበበችው በኋላ ዓይኗን ጠርጋ፣ ይህን ያህል የበዛ ነገር ለክቡርነታቸው እንደማይቀርብ፣ አንድ ልጅ እንደሚበቃና የሌሎቹን ልጆች ታሪክ እንዳወጣው መከረችኝ። ምክሯን ተቀብዬ ሦስት ገጽ አወጣሁ። እሜቴን ያስቀረኋት ከሁሉም የሷ ስለሚቀል ነው።